ፖታሲየሙ ዝቅ ብሏል

ውጤቱ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቤታችን ቡና ተፈልቶ፣ አቦሉ ተጠጥቶ፣ ቶናው እየተቀዳ ነበር። ስልኬ ጢን አለች። ከላቦራቶሪ መሆኑን ሳይ «ውጤቱ መጣ!» አልኩ። ጮክ ብዬ ማለቴ ነው ጥፋቱ። ናሽቪል ውስጥ፣ በሀበሻ ቤት፣ ያውም ቡና ላይ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው «ውጤቱ መጣ» ካለ ሌላ ምንም አይጠረጠርም። ስኒዎቹ ከአፍ ሳይደርሱ መንገድ ላይ ቀሩ።

«ምን ይላል?» አለች ባለቤቴ ጀበናውን እንደያዘች።

«ፖታሲየሙ ዝቅ ብሏል።»

«ወይኔ!»

«ዚንኩ ግን በጣም ከፍተኛ ነው። አሲዱም በዝቷል።»

ጎረቤታችን እትዬ በሰፈራችን ላለ በሽታ ሁሉ መድኃኒት የማያጡ ሴት ናቸው። ስኒያቸውን አስቀምጠው አማተቡ። «አሲዱ እንኳ ጨጓራ ነው፤ ተልባ ይጠጣበታል። ለፖታሲየሙ ሙዝ ብላ። በጠዋት፣ በባዶ ሆድህ።» ከወዲያ በኩል ጥቁር አዝሙድ በማር ታዘዘ፤ ከወዲህ ፌጦ። የአፈር ውጤት መሆኑን እስክናገር ድረስ ሦስት መድኃኒትና የሰባት ቀን ጠበል ተይዞልኝ ነበር። ከተናገርኩ በኋላ ደግሞ ነገሩ ባሰ።

«አፈር ነው የምታስመረምረው?»

«የጓሮው አፈር ነው፤ ለሐብሐብ።»

«የራሱን ደም ከተመረመረ አራት ዓመቱ ነው» አለች ባለቤቴ ለተሰበሰበው ሕዝብ። ቶናው በዝምታ ተጠጣ።

ጣጣውን ያመጣብኝ ከአጥሩ ወዲያ ያለው አሜሪካዊ ሽማግሌ ጎረቤቴ ነው። በጋ በመጣ ቁጥር ጓሮው ውስጥ የተኛ ጥጃ የሚያህል ሐብሐብ ያበቅላል። አንድ ቀን ካሮላይና ክሮስ የሚባለውን ዘር፣ አምስት ፍሬ፣ በናፕኪን ጠቅልሎ ሰጠኝና ታሪኩን አወጋኝ። በ2013 እዚሁ ቴነሲ፣ ከኛ ከሦስት ሰዓት በላይ በመኪና የምትርቀው ሴቪየርቪል ላይ፣ ክሪስ ኬንት የሚባል ሰው 350.5 ፓውንድ የሚመዝን ሐብሐብ አብቅሎ የዓለምን ክብረ ወሰን ያዘ። በኛ ሚዛን 159 ኪሎ መሆኑ ነው፤ አንድ ኩንታል ተኩል ከነምርቃቱ! ከዚያ በፊት ወሬው ሁሉ ቢል ክሊንተን የተወለዱባት የአርካንሳሷ ሆፕ ነበረች። እዚያ ያለው የብራይት ቤተሰብ በ1985 ባለ 260፣ በ2005 ደግሞ ባለ 268.8 ፓውንድ ሐብሐብ አንከባሏል። እኔ ቴነሲ ስኖር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ እስከዚያች ቀን ከጓሮዬ ያወጣሁት ጎመንና ቃሪያ ብቻ ነበር።

ያስቆጨኝ ደግሞ ሐብሐብ የኛው ሰፈር ልጅ መሆኑ ነው። በ2021 የወጣ የዘረመል ጥናት ለዛሬው ሐብሐብ የሥጋ ዘመድ ሆኖ ያገኘው የሱዳኑን የኮርዶፋን ሐብሐብ ነው። ኮርዶፋን ማለት ከመተማ ተነስተህ ነጩን ዓባይ ከተሻገርክ በኋላ የምታገኘው አገር ነው። ከሐብሐብ ጋር ጎረቤታሞች ሆነን እኛ እንግዳ፣ አሜሪካኖቹ ባለቤት የሆኑበት ምክንያት አልገባኝም ብዬ በእልህ ተነሳሁ።

ሽማግሌው «በመጀመሪያ አፈርህን አስመርምር» አለኝ። የላቦራቶሪው መመሪያ አንድ ገጽ ነው። ከአሥር የማያንሱ ቦታዎች ቆፍር፣ ጥልቀቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፣ በፕላስቲክ ባልዲ ውስጥ ደባልቀው፣ ጥላ ላይ አድርቀው፣ ከዚያ በትንሿ ካርቶን ላክ ይላል። እኔ መመሪያ የማነበው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ስለሆነ፣ ምድር ቤት ለዓመታት የተቀመጠውን የቆርቆሮ ባልዲ አንስቼ፣ ለመቆፈር የሚመቸውን አንድ ጥግ መርጬ፣ እርጥቡን አፈር ሌሊቱን እባልዲው ውስጥ አሳደርኩት። የሚመቸው ጥግ የዶሮ ፍግ ስከምርበት የኖርኩት ነው። ለመቆፈር የተመቸውም ለዚያ ነበር።

እንግዲህ ወረቀቱ። ወረቀቱ የተማሪ ካርድ ነው የሚመስለው። በአንድ በኩል የንጥረ ነገሩ ስም፣ በሌላው ቁጥሩ፣ ከቁጥሩ ጎን ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ፣ በጣም ከፍተኛ የሚል አስተያየት። የሀበሻ ወላጅ ልጅ ነኝና ዓይኔ መጀመሪያ የፈለገው ከፍተኛውን ነው። ፎስፈረስ በጣም ከፍተኛ። ጎበዝ! ዚንክ በጣም ከፍተኛ። ጎበዝ! ካልሲየም መካከለኛ፣ ማግኒዚየም መካከለኛ፤ እነዚህ ቢያጠኑ ይሻሻላሉ። ፖታሲየም ዝቅተኛ። ይህ ከማን ጋር እንደሚውል ይጣራ። ፒኤች 5.6 ይላል። ከአሥር መስሎኝ ከግማሽ በላይ በማምጣቱ አልከፋኝም ነበር።

ሽማግሌው ወረቀቱን አይቶ ፊቱን አጨማደደና «ኤክስቴንሽን ደውል» አለኝ። ኤክስቴንሽን ሲል እኔ የገባኝ የማታ ትምህርት ነው፤ ይሄን ያህል መሃይም ሆኛለሁ ብዬ ደነገጥኩ። ለካ የካውንቲውን የግብርና ባለሙያ ማለቱ ኖሯል፤ በኛ አገር ልማት ሠራተኛ የምንላትን። ደወልኩ። ባለሙያዋ ትዕግሥቷ ሰፊ ነው፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን አሥር ጊዜ የተጠየቀ ጥያቄ የምትመልስ ሰው ድካም አለ።

«ናሙናውን በምን ወሰድከው?»

«በባልዲ።»

«ምን ዓይነት ባልዲ?»

ነገርኳት። ለአፍታ ዝም አለችና፣ የቆርቆሮ ባልዲ እንዳይዝግ የሚለበጠው በዚንክ መሆኑን፣ የተመረመረውም አፈሬ ብቻ ሳይሆን ባልዲዬም መሆኑን አስረዳችኝ። «ባልዲህ ጤነኛ ነው» አለችኝ። የዚያ ሁሉ የዚንክ ኩራት ባለቤት ባልዲው ሆኖ ተገኘ።

ፎስፈረሱ ግን የእውነት ነበር። የናሽቪል አካባቢ ከሥሩ ፎስፌት ያዘለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ሞሪ ካውንቲ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፎስፌት ከመሬት ማውጣት ተጀምሮ ለብዙ ዓመታት ወደ ማዳበሪያ ፋብሪካ ሲጫን ኖሯል። እኔ በዚያ አፈር ላይ በየዓመቱ የዶሮ ፍግ ስከምርበት ከርሜ፣ በዚህኛው ዓመት ደግሞ ፎስፈረስ ያለበት ባለ 10-10-10 ማዳበሪያ አራት ከረጢት ገዝቼ ጋራዥ አስቀምጫለሁ። ለጣና ውሃ እንደማጠጣት ነው። «በጣም ከፍተኛ» ማለት ምስጋና ሳይሆን «ይብቃህ» ማለት ነው አለችኝ። ትርፉ ተክሉ ብረትና ዚንክ እንዳይወስድ ያውካል፤ ዝናብ ሲያጥበው ደግሞ ወንዝ ይገባና አረንጓዴ ሽበት ያበቅልበታል። በወረቀቱ የምክር ሣጥን ውስጥ ከፎስፈረስ ፊት የተጻፈው 0 ለካ ውጤት ሳይሆን ትእዛዝ ነው።

ፒኤችም ከአሥር አይደለም። ከ0 እስከ 14 ነው፤ መሐሉ 7። ከ7 ሲወርድ አፈሩ ይኮመጥጣል፤ አወራረዱም እንደ ደረጃ ሳይሆን እንደ ገደል ነው፤ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር ኮምጣጣነቱ አሥር እጥፍ ይሆናል። ሐብሐብ የሚወደው ከ6 እስከ 6.8 ያለውን ነው። ይህን እንደሰማሁ ጣቴን የቀሰርኩት ባለቤቴ ላይ ነው፤ በየቅዳሜው ሦስት ዙር የተፈላ የቡና አተላ የምትደፋው እዚያው መደብ ላይ ነዋ። ባለሙያዋ ይህንንም አልተቀበለችኝም። የተፈላ ቡና አሲዱ ከውሃው ጋር ወደ ስኒ ይሄዳል፤ የሚቀረው አተላ ለገለልተኛ የቀረበ ነው። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ላይ ነበር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ ድረስ ቡና በቀዳች ቁጥር «በነፃ የተለቀቀችው ቡና ናት፣ ጠጡ» ትላለች።

መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ወረቀቱ «በአከር 2 ቶን» ይላል። ሱቅ ደወልኩና ሁለት ቶን ኖራ ቤት ድረስ ታመጡ እንደሆን ጠየቅኩ። ልጁ በትሕትና ስንት አከር እንዳለኝ ጠየቀኝ። አራት መቶ ስኩዌር ፊት አልኩት። አንድ አከር 43,560 ስኩዌር ፊት መሆኑን፣ የኔ መደብ የዚያ አንድ መቶኛ እንኳ የማይሞላ መሆኑን ያሰላው እሱ ነው፤ እኔ ያሰብኩት ኖራውን የት እንደምከምረው ብቻ ነበር። ሲሰላ 37 ፓውንድ ገደማ ወጣ። ለሁለት ቶን የደወልኩ ሰውዬ አንድ ባለ 40 ፓውንድ ከረጢት በትከሻዬ ተሸክሜ ተመለስኩ።

ከሁሉ የከፋው ግን መለኪያው ነው። የሽማግሌው ወረቀት ከሌላ ላቦራቶሪ ነው፤ ፖታሲየሙ 150 ይላል። የኔ 110። ቅርብ ለቅርብ ነን ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ለካ የሱ ከሚሊዮን ስንት እጅ የሚለው ነው፤ የኔ በአከር ስንት ፓውንድ። የአንድ አከር የላይኛው ስንዝር ጥልቀት አፈር ሁለት ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ይመዝናል ብለው ስለሚያስቡ፣ የኔ ቁጥር በሱ ቋንቋ ለሁለት ይካፈላል። 55! ዕድሜዬን ሙሉ ዶላር በብር፣ ብር በዶላር ስመታ ኖሬ በፖታሲየም ምንዛሪ ተሸወድኩ። ቢመነዘርም እንኳ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አያዋጣም፤ ላቦራቶሪው አፈሩን በቀጠነ አሲድ አጥቦ የወጣውን ነው የሚቆጥረው፣ ሌላው ላቦራቶሪ የሚያጥብበት ሌላ ዓይነት ነው።

ማታ ሸኖ ላለው አጎቴ ደወልኩ። የልጅ ልጁ ስልኩን ፊቱ ላይ ደቀነለት።

«ጋሼ፣ አፈር አስመርምሬ ነበር።»

«አፈር? እዚያ አገር አፈርም ሐኪም ቤት ይሄዳል?»

«አዎ፤ ታሞ ነው የተገኘው።»

«እስኪ አሳየኝ።» አንድ እፍኝ ይዤ ካሜራው ፊት አቀረብኩ። «ጨብጠው። ክፈት። አልተፈረካከሰም፤ ዋልካነት አለው ግን ዋልካ አይደለም። ሲደርቅ ይሰነጠቃል?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ውሃ ያቁራል?»

«ባደረ በማግሥቱ ይጠጣዋል።»

«ትል አለው?»

«ሞልቷል።»

«ታዲያ ምን ሆነ ብለህ ነው የወሰድከው?»

ፎስፈረሱን ነገርኩት፤ ኮምጣጣነቱንም። ለአጎቴ ኮምጣጣ አፈር አዲሱ አይደለም። ከአገራችን የእርሻ መሬት 40 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው፤ የሸዋ ደጋ ገበሬ ደግሞ ለደከመ መሬት የራሱ ላቦራቶሪ ነበረው፤ ጓይ ይሉታል። ሣሩን ከነሥሩ ከያዘው አፈር ጋር ይከምሩታል፤ ከሥሩ ኩበት ለኩሰው አፈሩን ራሱን ያቃጥሉታል፤ ጢሱ ለቀናት ሲትጎለጎል ይሰነብታል። የቀላውን አፈር በትነው ገብስ ይዘሩበታል። የመጀመሪያው ዓመት ገብስ ጉድ ይባልለታል። ከዚያ በኋላ መሬቱ ለዓመታት ጦሙን ያድራል፤ ከሣሩ ጋር ጉልበቱም ተቃጥሏላ። አጎቴ በልጅነቱ ጢሱ ውስጥ እየሮጠ እንዳደገ አጫወተኝና ሳቀ።

«ወረቀት እንኳ ለኛም መጥቶ ነበር» አለ። «ድሮ ለሁላችንም ያው አንድ ነው፤ ለአምባውም፣ ለረባዳውም፣ ለገብሱም፣ ለስንዴውም፤ መቶ ኪሎ ዳፕ፣ መቶ ኪሎ ዩሪያ። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ራስ ምታት እንዳለበት።» በፈረንጆቹ 2012 የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት የሚባለው ፕሮጀክት ተጀምሮ የየወረዳው አፈር ሲመረመር ነው ሰልፈርም፣ ቦሮንም፣ በየቦታው ሌላም የጎደለ መኖሩ የታየው። ዳፕ ቀርቶ ሰልፈር ያለበት ኤንፒኤስ የመጣውም ከዚያ ወዲህ ነው። አጎቴ ዛሬም ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን ፊደል አያነብም፤ ግን «ይሄኛው ዱቄቱ ይለያል» ይላል።

እንግዲህ ኖራዬን በተንኩ፣ ዘሬን ተከልኩ። ወረቀቱ ላይ ግን አንድ ነገር እየከነከነኝ ነበር፤ ናይትሮጅን የሚል ረድፍ የለም። ከላይ እስከ ታች ሄድኩበት፤ የለም። ከሌለ ዜሮ ነው ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ባለሙያዋን እንኳ አልጠየቅኋትም፤ በባልዲው ከተዋረድኩ በኋላ ድጋሚ መደወል አፍሬ ነበር። ናይትሮጅን ከዝናቡ ጋር ወርዶ የሚጠፋ፣ በመጋቢት ቢለኩት ለሰኔ የማይናገር ስለሆነ ብዙ ላቦራቶሪ አይለካውም፤ እንደ ሰብሉ ዓይነት ብቻ ነው ምክር የሚሰጥበት። ይህን ያወቅኩት መስከረም ላይ ነው። እስከዚያ ዩሪያውን እንደ ጥምቀት ጠበል ረጨሁት።

ሐረጉ ሲነሳ! እኔ እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ቅጠሉ እንደ ሰሃን ሰፋ። በሰኔ መጨረሻ ቃሪያዬን ዋጠ፤ በሐምሌ አጥሩን ተሻግሮ የሽማግሌውን የሥጋ መጥበሻ ምድጃ አቀፈ። ጠዋት ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ ሲያድግ የምሰማው ይመስለኝ ነበር። ፍሬውስ? አንዲት ሎሚ የምታህል ታየች፤ በሦስተኛው ቀን ቢጫ ሆና ወደቀች። ተክሉ ጠግቦ ልጅ መውለድ ረስቷል። ሽማግሌው አጥሩ ላይ ተደግፎ ቢራውን እየጠጣ «ሐብሐብ ነው የተከልከው ወይስ አጥር?» አለኝ።

በሁለተኛው ዓመት ሰው ሆንኩ። በፕላስቲክ ባልዲ፣ ከአሥራ ሁለት ጉድጓድ፣ ደርቆ፣ ተደባልቆ የሄደው አፈር ዚንኩ መካከለኛ ሆኖ ተመለሰ። ኖራው በስድስት ወር ሥራውን ሠርቶ ፒኤቹን 6.3 አድርሶታል። ናይትሮጅኑን ባለሙያዋ እንዳለችኝ ቆጥቤ ሰጠሁ። የፖታሲየሙን ማዳበሪያ ግን አልገዛሁም፤ የአራቱ ከረጢት ቁስል አልዳነልኝም። በዚህ ላይ የእትዬ ምክር ማኅበሩን በሙሉ አዳርሶ ነበር፤ ሁሉም ሙዝ እየበላ ልጣጩን በፌስታል ይዞልኝ ይመጣል። ከቅዳሴ መልስ መኪናዬ ሙዝ ሙዝ ይሸታል። በነፃ የመጣ ፖታሲየም እያለ የምን ግዢ ብዬ ሐረጉ ሥር ቀበርኩት።

ሽማግሌው እንዳሳየኝ ከፍሬዎቹ አንዷን ብቻ አስቀርቼ ሌሎቹን ለቀምኩ። ሲያጎነቁሉ መቅጠፍ እንዴት ያስጨክናል! ያቺ የቀረችው በሐምሌ በየቀኑ የምትጨምረው በዓይን ይታይ ነበር። ከሥሯ ጣውላ አስገባሁላት፤ ለፀሐይ ነጭ አንሶላ አለበስኳት። ባለቤቴ የውሃ ቢሉን አይታ «እኔን እንዲህ አጠጥተኸኝ፣ አንሶላ አልብሰኸኝ ታውቃለህ?» አለች።

ጳጉሜ ላይ የክብደት ቀን ደረሰ። የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን አወጣን። ሐብሐቡን ላዩ ስናስቀምጠው ቁጥሩን ሸፈነው። ልጄ ከመሬት ተጋድሞ በስልኩ መብራት ከሥር ሊያነብ ሞከረ። እኔ ተሸክሜው እቆማለሁ ስል ወገቤ አስቀድሞ እምቢ አለ። በመጨረሻ ባለቤቴ በርጩማ አመጣች፤ በርጩማው ሚዛኑ ላይ፣ ሐብሐቡ በርጩማው ላይ። 46 ኪሎ። በርጩማው 3። ሐብሐቡ 43 ኪሎ! 95 ፓውንድ መሆኑ ነው፤ የክሪስ ኬንት ሩብ ከምናምን። ሽማግሌው ኮፍያውን አወለቀልኝ። አጎቴ በስልኩ አይቶ «ሙክት ነው!» አለ።

ለእንቁጣጣሽ ታረደ። ቢላዋው ጫፉ ሲገባ ጧ ብሎ ራሱን በራሱ ከፈለ። ቤት ሙሉ ሰው በላ፣ ለጎረቤት ተላከ፣ ማቀዝቀዣው ሞላ። ከ43ቱ ኪሎ 39 ኪሎ ያህሉ ውሃ ነው ብዬ ስናገር ባለቤቴ የውሃ ቢሉን በድጋሚ አነሳች። ጣዕሙ መጥፎ አይደለም፤ እንደ ትንሹ አይጣፍጥም፤ ሰው ግን በመጠኑ አፍሮ ዝም ብሎ በላ። ዘሩን አጥበን ጋዜጣ ላይ አሰጣን። አንዳንዱ ለአጎቴ የምልክ መስሎት ነበር፤ ጋሼ ግን «በኔ ደጋ ሐብሐብ ብርድ ይገድለዋል፣ አርፈህ ተቀመጥ» ብሎኛል።

ጥቅምት ላይ፣ ቅዳሜ፣ ቡና ላይ፣ ስልኬ ጢን አለች። ዘንድሮ «የአፈሩ» የሚለውን አስቀድሜ ነው «ውጤቱ መጣ» ያልኩት። ሁሉም ጆሮውን ሰጠ፤ ልጣጭ ያዋጣ ሁሉ ባለድርሻ ነው። ፒኤች 6.4። ዚንክ ደህና። ፎስፈረስ እንደ ልማዱ። ባለቤቴ ማቀዝቀዣው ላይ፣ ከልጃችን የትምህርት ቤት ካርድ ጎን ለመለጠፍ መግነጢሷን ይዛ ትጠብቃለች።

«ፖታሲየሙስ?» አሉ እትዬ።

«አሁንም ዝቅ ብሏል።»

ቤቱ ተከፋ። የዓመት ሙሉ ፌስታል፣ የዓመት ሙሉ የመኪና ሽታ! እትዬ ግን ስኒያቸውን አዙረው አስቀመጡና ጥቂት አሰቡ።

«ይወርዳል እንጂ ምን ያድርግ» አሉ። «ሙዙን እኛ በልተን፣ ለሱ ልጣጩን ሰጥተነው።»